ጓድ አባባ

አባቴ ጠብ አይወዱም ነበር፤ ሙግት ግን ነፍሳቸው ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ሰው አንኮበርን አያውቅም ማለት ነው። ጠብ የባለጌ ነው፤ ድንጋይ ይወረወርበታል፣ እናት ትሰደብበታለች። ሙግት ግን የጨዋ ነው፤ ኩታ አጣፍተው፣ ከዘራ ጨብጠው፣ ጉሮሮ ጠርገው የሚገቡበት ነው። አባቴ የቄስ ልጅ ናቸው። ዳዊት ደግመዋል፣ ዜማም ጀማምረው ነበር። አያቴ ቅስናውን እንዲወርሱላቸው ቢመኙም፣ ልጅየው መቅደስ ከመግባት ችሎት መግባት መረጡና ነገረ ፈጅ ሆኑ። ለሌላ ሰው ተወክሎ ዳኛ ፊት የሚከራከር፣ ዛሬ ጠበቃ የምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ አባቴ የሕግ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ሕጉ አፋቸው ላይ ነበር፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር።

ደንበኞቻቸው ገበሬዎች፣ የደብር አለቆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ነበሩ። አባቴ በገበያ ቀን ቁልቁለቱን ይወርዱና ማታ ሽቅብ ይመለሳሉ። እናቴ ደጃፍ ቆማ ከሩቅ አረማመዳቸውን ብቻ አይታ ፍርዱን ትነግረን ነበር። ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው ከመጡ "ረትቷል፤ ቅቤውን አውጪው" ትለኛለች። ከዘራውን እየተመረኮዙ ከመጡ "ዛሬ ማንም አያናግረው" ትላለች። አንድ ቀንም ተሳስታ አታውቅም።

እንግዲህ የምነግራችሁ የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን አውራጃ ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ ሌሎች የፈረዱትን ፍርድ ታይፕ መምታት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ "ስለሆነም"፣ "በመሆኑም"፣ "ይህ ፍርድ ቤት" ስል እውላለሁ፤ ጣቴ እንጂ እኔ ፈርጄ አላውቅም። ተናዳጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ዳኛው ሲሳሳቱ እያየሁ ስህተታቸውን አሳምሬ መጻፍ ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ባልቀመጥ እያልኩ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ጠዋት የፍርድ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የሕግ ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ለሌላ ሰው ተወክሎ ችሎት ፊት አይቆምም ይላል። ሰርተፊኬቱን የሚፈልግ በክረምቱ፣ ፍርድ ቤት በሚዘጋበት ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን በሚሰጠው ትምህርት ይመዝገብ፤ የፍርድ ቤት ሠራተኛም፣ ፖሊስም፣ የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ዳኛም መመዝገብ ይችላል። ሰርተፊኬቱ ለወረዳ ዳኝነትም ያበቃል ስለሚል፣ እልል ብዬ የተመዘገብኩት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። አባቴ ትዝ ያሉኝ ማታ ነው። ወይኔ አባባ፣ አለቀላቸው አልኩ። ከስልሳ ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ይገባሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

በሳምንቱ የተከራየሁበት ቤት በር ተንኳኳ። ብከፍት አባቴ በርኖሳቸውን ደርበው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው የበሶ አቁማዳ ይዘው ቆመዋል።

"ተመዝግቤ መጣሁ" አሉኝ።

"የት ሊያርፉ ነው አባባ?"

"አንቺ ጋ ነዋ! አብረን አይደል እንዴ የምንማረው?"

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አልኩ ሳላስበው።

"በይ ተይ፣ ገና ሳንጀምር ሕግ አትጥሪ" ብለው ገቡ።

ያን ዕለት ማታ በሶ በጥብጠው ሰጥተውኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት ነገር ግን ንዴቴን ሁሉ አጠፋው። "ልጄ፣ ችሎት ፊት መቆም ካልቻልኩ ምንድን ነኝ? እርሻ አልችልበት፣ ንግድ አልችልበት። ቆሜ ካልተናገርኩ መቃብር ገብቼ ብተኛ ይሻለኛል። ይህችን ወረቀት ማግኘት አለብኝ።" አባቴ ለምነውኝ አያውቁም ነበር። አሁንም አልለመኑኝም፤ ግን አንጀቴን በሉት። ይህን ሰው አስተምሬ ባላሳልፍ ሰው አይደለሁም አልኩ በልቤ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። የደብረ ብርሃንን ክረምት ለማያውቀው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ሕጉን ትቶ ዝም ይላል፤ እኛም ጋቢና በርኖስ ውስጥ ተሸጉጠን፣ አፍንጫችንን ብቻ አውጥተን እስኪያባራ እንጠብቃለን። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚማር ፖሊስ ነበር፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ብርድ ልብሱን ሳያወልቅ ተነሥቶ ሰላምታ ይሰጣል። እንደዚያ ክረምት የሳቅኩበት ጊዜ የለም።

መምህሩ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ጎፈሬ ያበጠረ፣ ቦላሌ ሱሪ የለበሰ ልጅ እግር ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛውን መታ አድርጎ፣ "እዚህ ጌታ የለም፣ እመቤት የለም፣ አባት የለም፣ ልጅ የለም። ሁላችንም ጓድ ነን፤ ስንጠራራም ጓድ እንባባላለን" አለ።

አባቴ እጃቸውን አወጡ። "የኔታ፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። እሷንስ?"

"እሷንም ጓድ ይበሏት። እኔንም ጓድ መምህር ይበሉኝ።"

"እሺ፣ የኔታ።"

ክረምቱን ሙሉ "የኔታ" እንዳሉት ቀሩ። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ያስተማረውን ሁሉ የኔታ ይላል፤ የልጅ ልጁ ቢያክልም ግድ የለውም። መምህሩ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ ኋላ ሲሰማው ፈገግ ማለት ጀመረ። የኔ ችግር ግን የባሰ ነበር። አባቴን ጓድ ልበል? ምላሴ ይቆረጥ! አባባ እንዳልል ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሳናግራቸው ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እህህ ስል እሳቸው ዞር ይላሉ። የክፍሉ ሰው ጉንፋን ይዟታል ብሎ አዘነልኝ።

አባቴ ሰነፍ ተማሪ አልነበሩም፤ ችግራቸው ሌላ ነው። የተነገራቸውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ ግን ቀድሞ የሚያውቁት ሙግት ውስጥ ያስገቡታል። አንድ ቀን ስለ ውል ስንማር "ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል" የሚል ነገር መጣ። ሰው ውል ገብቶ፣ ሳያጠፋ፣ ሊገምተውም ሊመክተውም የማይችል ነገር ደርሶበት ውሉን ሳይፈጽም ቢቀር አይጠየቅም አለ መምህሩ፤ መብረቅ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ እያለ ቆጠረ።

የአባቴ እጅ ወጣ። "የኔታ፣ ይኼ ኃይል ማነው?"

"ማን አይደለም ጓድ። 'ምንድን ነው' ነው የሚባለው።"

"መብረቁን የሚልከው ማለቴ ነው።"

መምህሩ ወደ በሩ አየት አደረገ። በዚያ ዘመን በር ጥግ ማን ቆሞ እንደሚሰማ አይታወቅም። "ተፈጥሮ ነው ጓድ" አለ።

"ተፈጥሮ ካሉማ ፈጣሪ አለ ማለት አይደል እንዴ? ማን ፈጥሮት ነው የተፈጠረው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለብርድ ልብሱ ፖሊስ እንኳ ፊቱን ሸፍኖ ተንፈቀፈቀ። መምህሩ ከንፈሩን ነክሶ፣ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ፣ "ጓድ፣ እርስዎ ፈተና ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ብለው ይጻፉ። ሌላውን በልብዎ ይያዙት" አላቸው። አባቴም "በልብማ ነው የሚያዝ" ብለው ተቀመጡ።

በትምህርቱ አጋማሽ ላይ የመለማመጃ ፈተና ተሰጠን። እኔ ቀድሜ ጨርሼ ወጣሁ። በማግስቱ መምህሩ ወረቀት ሲመልስልን የአባቴን ወረቀት አንሥቶ ለክፍሉ አሳየ። ነጭ ነው። ከራስጌው ላይ ብቻ፣ በዚያ ባማረ የቁም ጽሕፈታቸው፣ "ዋስ ይጠራልኝ" የሚል ተጽፏል።

"ጓድ፣ ይህ ምን ማለት ነው?"

አባቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። "የኔታ፣ ወረቀቱ 'የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልስ' ይላል። የሚጠይቀኝ ከሳሽ ነው። እኔ ደግሞ ዋስ ሳልጠራ መልስ አልሰጥም። ዋስ ሳይጠራ አፉን የከፈተ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። እንዴት ያለ ነገረ ፈጅ በገዛ አፉ ይረታል?"

እውነታቸውን ነው የሚናገሩት። በጥንቱ ሙግት ተከራካሪ መጀመሪያ ዋሱን ይጠራል፤ ዋሱ "እኔ ነኝ" ካለ በኋላ ነው ቃል የሚወጣው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ነው። ወረቀት ላይ ያለ ጥያቄ ከችሎት ጥያቄ የተለየ መሆኑ ጭራሽ አልገባቸውም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን በሀፍረት መሬት ብትከፈትልኝ በወደድኩ። ደግሞ ፈራሁ። ዋናው ፈተና ላይ እንዲህ ካደረጉ ሰርተፊኬቱም ችሎቱም ቀረ።

ቤት እንደደረስን ፈነዳሁ። "ምን ነክቶዎት ነው አባባ! ወረቀት ማን ይከሳል? ማንም አልከሰስዎትም እኮ!"

"ካልከሰሰኝማ ለምን ይጠይቀኛል?" አሉ ረጋ ብለው።

ይህን ስንባባል አከራዬ ሰምታለች። ጠላ የምትሸጥ፣ ምላሷ የተሳለ ባልቴት ናት፤ በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ማዶ ያለ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ከወዲያ ሆና፣ "አንቺ ልጅ፣ ዋስ ነው የጎደላቸው? በይ እኔ ዋስ ነኝ! ይመልሱልሽ!" ብላ ጮኸች።

አባቴ ፊታቸው በራ። "በይ ጠይቂኝ" አሉኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጥናታችን ሌላ መልክ ያዘ። እኔ እንደ ከሳሽ ቆሜ ጥያቄውን እጮሃለሁ፤ አባቴ "ዋስ!" ይላሉ፤ ከግድግዳው ማዶ "እኔ ነኝ!" ይመጣል፤ አባቴ እያሳመሩ ይመልሳሉ፤ እኔ ደግሞ "ይጻፉት!" እላለሁ። የአከራዬ ጠላ ጠጪዎችም ለመዱት። አንዳንድ ማታ እሷ ጠላ ስትቀዳ ከሆነ አንዱ ጠጪ በእሷ ፈንታ "እኔ ነኝ!" ይላል፤ አባቴ ድምፁን ሰምተው "ይህ ዋስ ሰክሯል፤ አልቀበልም" ይላሉ። ሕጉን ከእኔ ይልቅ ያ ጠላ ቤት ሳይማረው አልቀረም።

የዋናው የጽሑፍ ፈተና ቀን አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ወረቀት ታደለ። ሁሉም አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ፤ አባቴ ብቻ ብዕራቸውን ይዘው ወደ ፊት ይመለከታሉ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ወጣ። እንዳይናገሩ ጸለይኩ፤ ፈተና ላይ የተናገረ ይባረራል።

መምህሩ አያቸው። ተያዩ። ከዚያ ያ ጎፈሬያም ልጅ በአዳራሹ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ዋሱ እኔ ነኝ፤ ይጻፉ!" አለ።

አባቴ አቀረቀሩ። ብዕራቸው ከዚያ በኋላ አላቆመም። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ይህን መምህር ዛሬም ባገኘው ጉልበቱን እስማለሁ።

ጽሑፉ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የልምምድ ችሎት ነበር፤ ተማሪው ሁለት ሁለት ሆኖ በዕጣ ይከፈልና በአንድ ጉዳይ በሰው ፊት ይከራከራል። መምህሩ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። የፈለገ ቢያምር፣ የሕጉን ቁጥር ያልጠቀሰ ክርክር ዜሮ ነው፤ ዜሮ ያገኘ ሰርተፊኬት አያይም። ይህን ሲል ዓይኑ አባቴ ላይ ነበር። አባቴ በሕይወታቸው ቁጥር ጠቅሰው አያውቁም፤ ግጥም ነው የሚጠቅሱት።

ዕጣው ወጣ። እኔና አባቴ ተደራረስን።

"ልቀይረው?" አለ መምህሩ ደንግጦ።

"ለምን የኔታ? ዕጣ የእግዜር ነው" አሉ አባቴ፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው፣ "የተፈጥሮ ማለቴ ነው" ብለው አረሙት።

የተሰጠን ጉዳይ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ጨው ሊያመላልስባት በቅሎ ይከራያል። በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ሳለች መንገዱ ከሥሯ ተንዶ ገደል ትገባለች። ባለቤቱ "በቅሎዬን ክፈለኝ" ይላል። እኔ የባለቤቱ ጠበቃ ሆንኩ፣ አባቴ የነጋዴው።

ያን ማታ አባቴ ጋቢያቸውን አንጥፈው ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄዱ። "ከዛሬ ጀምሮ ባላጋራ ነን" አሉኝ። "ባላጋራ ከባላጋራው ጋር አንድ መሶብ አይቀርብም።" አከራዬ እየተነጫነጨች ለሁለታችን በሁለት ሳሕን ታመጣልን ጀመር። የማጠናውን እንዳያዩ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይሸፍናሉ። ግን ቁጥሩን ያዙት ወይስ አልያዙትም? ልጠይቃቸው ብል ባላጋራ ነኝ። በንዴት ፀጉሬን እነጫለሁ።

በዚህ ላይ የዕጣው ወሬ አንኮበር ደርሶ ኖሮ የእናቴ መልእክት መጣ። ይዘውልኝ የመጡት ከአሊዩ አምባ ወደ ደብረ ብርሃን ጭነት ይዘው የወጡ፣ የአባቴ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የሆኑ ነጋዴ ናቸው። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ለብቻዬ ጠርተው፣ "እናትሽ እንዲህ በሏት ብላኛለች" አሉኝ። "አባትሽን እንዳትረቺው። ከረታሽው ዓመቱን ሙሉ የሚሟገተው ከእኔ ጋር ነው፤ አንቺ ከተማ ነሽ።" ከዚያ የራሳቸውን ጨመሩ። "እኔ ግን ልጄ፣ ወላሂ፣ እሳቸው ይህን ወረቀት ካላገኙ ማን ይቆምልኛል? አላህ ይርዳቸው። አንቺም እርጂያቸው።"

ምን ብዬ ልርዳቸው? ለቀቅ አድርጌ ብከራከር ያውቃሉ፤ ያወቁ ዕለት ፊቴን አያዩም። አጥብቄ ብከራከር ደግሞ ግጥማቸውን ይዘው ይቀራሉ። እንቅልፍ አጣሁ።

የችሎቱ ቀን ሰዉ አዳራሹን ሞልቶ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። አከራዬ ጠላ ቤቷን ዘግታ መጥታለች። የአሊዩ አምባው ነጋዴም ከጓደኞቻቸው ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። መምህሩና ሁለት እውነተኛ ዳኞች ከመድረኩ ላይ ተሰይመዋል። ቀድሜ የምናገር እኔ ነኝ። ተነሣሁ። ፈርቻለሁ። "ጓድ ዳኞች" አልኩ፤ ጥሩ። ከዚያ ወደ ባላጋራዬ ዞሬ፣ በደንቡ መሠረት፣ "ጓድ ተከራካሪ" ማለት ነበረብኝ። ዓይናቸው ከዓይኔ ጋር ገጠመ። ከአፌ የወጣው፣

"ጓድ አባባ" ሆነ።

አቤት ሳቅ! ዳኞቹም ሳቁ። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አባቴ ብቻ አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና፣ "አቤት፣ ጓድ ልጄ" አሉ። አዳራሹ እንደገና ፈረሰ። ይኸው እስከ ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ "ጓድ አባባ" ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ።

ሳቁ ግን ጠቀመኝ፤ ፍርሃቴ ብን ብሎ ጠፋ። ውሉን አነሣሁ፣ የተከራይን ግዴታ አነሣሁ፣ ቁጥሩን እየጠቀስኩ አንድ በአንድ ደረደርኩት። "የተከራየውን ያልመለሰ ይክፈል!" ብዬ ስቀመጥ ጭብጨባው ከባድ ነበር። ክርክሬ በእርግጥም አምሮ ነበር፤ ዛሬም አልክድም።

አባቴ ተነሡ። በርኖሳቸውን አጣፉ፣ ከዘራቸውን ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልበል?"

"ይበሉ" አሉ ዳኛው።

የፈራሁት ደረሰ። መጀመሪያ ስለ በቅሎ ተናገሩ፤ በቅሎ ከማን እንደምትወለድ፣ መሐን ሆና ስለምትከፍለው ዕዳ። ከዚያ ስለ አንኮበር ዳገት፤ ጉም ሲወርድበት፣ ዝናብ ሲልጠው። ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ እኔም ጭምር። መምህሩ ግን ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ግጥሙ መጣ፤

"በቅሎዋስ ወደቀች፣ ገደሉ ነው ጠላት፤
ባለጭነት ምን ያርግ፣ እግዜር ካልያዘላት!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አከራዬ እልል አለች። አባቴ ደስ ብሏቸው፣ ጨረስኩ በሚል አኳኋን በርኖሳቸውን ሊሰበስቡ ጀመሩ። ቁጥር የለም! ሕግ የለም! መምህሩ ብዕሩን አነሣ። ዜሮ ሊጽፍ ነው። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ዋስ፣ ያ ሁሉ ቁርና ጭቃ ገደል ሊገባ ነው። ደሜ ፈላ። ዘልዬ ተነሣሁ።

"መቃወሚያ አለኝ! ተከራካሪው ሕግ አልጠቀሱም! የትኛው ሕግ ነው እግዜር ካልያዘ አትክፈል የሚለው? ይጥቀሱ!"

ለአባቴ ብዬ ነው ወይስ ተናድጄ? እኔም አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል። ሰዉ ግን አጉረመረመ፤ "ምን ያለች ጨካኝ ልጅ ናት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ከጢማቸው ሥር አንዲት ፈገግታ ወጣች።

"ሕግ?" አሉ። "ሕግማ አለ። እኔ እግዜር ያልኩትን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ይለዋል።" ቁጥሩን ጠሩ። ቀጥለው ሌላም ቁጥር ጠሩ። ሦስተኛም ጠሩ። ነጋዴው አላጠፋም፣ መንገዱ እንደሚናድ ሊገምት አይችልም፣ ሊመክተውም አይችልም፤ ስለዚህ አይከፍልም። አንዲት ምሳሌ ሳይጨምሩ፣ ጥርት አድርገው አስቀመጡትና ተቀመጡ። ለካ ባላጋራዬ በጋቢያቸው ሥር ሲያጠኑ የከረሙት ይህንን ነው!

የእኔ በቅሎ ገደል ገብታ ቀረች። ዳኞቹ ለነጋዴው ፈረዱ። ተረታሁ፤ ያውም በገዛ መቃወሚያዬ። የአሊዩ አምባው ነጋዴ ተነሥተው "አልሐምዱሊላህ!" ብለው አባቴን አቀፏቸው፤ በውነት የራሳቸው ጉዳይ መስሏቸዋል መሰለኝ። እኔ በንዴትና በደስታ መካከል ቆሜ አለቅሳለሁ። አባቴ መጥተው ራሴን ሳሙኝና፣ "ማለፊያ ተሟገትሽ። ግን ልጄ፣ ለባላጋራ መንገድ አይመራም" አሉኝ።

ሁለታችንም አለፍን። ከአንኮበር መውጫ ዳገቱ ላይ እናቴ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ አባቴ ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው ስታያቸው እልልታዋን ለቀቀችው። ያን ሰሞን ቤታችን ሠርግ መስሎ ሰነበተ። ሰርተፊኬቱን ማንበብ የማይችል ጎረቤት ሁሉ እየመጣ በእጁ ይነካው ነበር፤ አባቴም ለእያንዳንዱ አንብበው ተርጉመውለታል።

በዓመቱ እኔ ሰላ ድንጋይ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ተሾምኩ። መጀመሪያ ሰሞን ባለጉዳዩ ይገባና፣ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ እያየ "ዳኛው መቼ ይመጣሉ?" ይለኝ ነበር። "መጥተዋል" እለዋለሁ። ቀስ በቀስ ለመዱኝ። ሴትዮዋ ትቆጣለች፣ ግን አታዳላም ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አባቴም ፈቃዳቸውን አውጥተው አንኮበር ችሎት ፊት ቆመው መከራከራቸውን ሰምቻለሁ። ወሬያቸው ይደርሰኛል እንጂ ከመስከረም ወዲህ ተያይተን አናውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ተላላኪው የሚቀጥለውን ጉዳይ ጠራ። በሩ ተከፈተና እኚያ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ገቡ። ሰላ ድንጋይ ገበያ ላይ በተገዛ በቅሎ ተከራክረው ኖሯል። ከኋላቸው በርኖስ የደረበ ሰው ገባ። አባቴ ናቸው።

በእኛ ቤት አባቴ ሲገቡ የሚቀመጥ ሰው የለም። እናቴ እንኳ እጇ ሊጥ እንደያዘ ትነሣለች። አሁን ግን እኔ ችሎት ላይ ነኝ፤ ዳኛ ደግሞ ለማንም አይነሣም። ሰውነቴ ብድግ ሊል ፈልጎ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩት። አባቴ እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። ልጅ ተቀምጣ አባት ሲሰግድላት! ነጋዴው ኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰላ ድንጋይ ማን እንደምታስችል አባቴ ከቤት ሲወጡ ያውቁ ነበር፤ "ሌላ ጠበቃ ልያዝ" ቢሏቸው፣ "እዚያ ችሎት እኔ ነኝ የምቆመው" ብለው እምቢ አሉ።

"ልበል?" አሉ።

"ይበሉ" አልኩ።

ዝናቸውን የሰማ ሰው በሩ ላይ ተጠቅጥቋል፤ ግጥም ይጠብቃል። እኔም ጠበቅኩ። አባቴ ግን ግጥም አላነሡም፤ ምሳሌም አላነሡም። ቀና ብለው፣ "መቃወሚያ አለኝ" አሉ። ከዚያ ቁጥሩን ጠቀሱ፤ ዳኛ ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋር የሥጋ ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣል የሚለውን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አልጠራ አላቸው። እንደገና ጠረጉ።

"ዳኛዋ ይነሡልኝ" አሉ። "ልጄ ናቸው።"

ናት አላሉም። ናቸው አሉ። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ አንቺ ሲሉኝ የኖሩት አባቴ።

መቃወሚያውን ተቀብያለሁ ብዬ ትእዛዝ መስጠት ነበረብኝ። ጠረጴዛውን ለቀቅኩና ተነሣሁላቸው።